ልብ እስኪመለስ፦ ከአእምሮ ሕመም በኋላ ራስን እንዴት ማቋቋም ይቻላል

በደብረ ብርሃን ጥቅምት ሲገባ ውርጩ የሜዳውን ሣር ጨው እንደተነሰነሰበት ያነጣዋል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቆረቆረ ከተማ፣ ማለዳ ከብርድ ልብስ ለመውጣት የሚቸኩል የለም። እኔ በዚያ ዓመት ከአልጋ ያልወረድኩት ግን በብርዱ ምክንያት አልነበረም። እንቅልፍ ካጣሁ በኋላ የሌለ ድምፅ መስማት ጀምሬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጠላት መስሎኝ፣ በቤተሰቤ እጅ ሆስፒታል ገብቼ ታክሜ ወጣሁ። ድምፁ ጠፋ። እኔ ግን ደስታም ኀዘንም የማይሰማኝ፣ ሰው ፊት መቅረብ የማፍር፣ ሽሮ ለማቁላላት እንኳ የሚታክተኝ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ዳንሽ» ይለኛል፤ ከዚህ ወዲያ ምን እንደማደርግ የነገረኝ ግን አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ከሕመሙ ማግሥት ላለ ሰውና ለሚያስታምመው ቤተሰብ ነው። ቅደም ተከተሉን የያዝኩት በራሴ ከደረሰውና ከሐኪሞቼ ከተማርኩት ነው።

መጀመሪያ እንቅልፍ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከራስዎ ብዙ አይጠብቁ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛት፣ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ ሳይርብዎትም ቢሆን በሰዓቱ መብላት፤ ይኼው ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከግድግዳው ሥር ቁጭ ብለው ይሙቁ። ብርሃኑ ሰውነት ቀንና ሌሊቱን መልሶ እንዲለይ ይረዳዋል። ቡናውን ጠዋት ይጠጡ፤ የማታው ላይ ግን ቁጭ ብለው ይጫወቱ እንጂ ሲኒውን ይለፉ። በሬ መሸጥ፣ ሥራ መልቀቅ፣ ትዳር መፍታት የሚሉ ትልልቅ ውሳኔዎች ሁሉ ልብ ሲመለስ ይደረስባቸዋል።

መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ አለማቋረጥ

ሕመሙ ተመልሶ ከሚመጣባቸው ምክንያቶች ዋነኛው «አሁንማ ተሽሎኛል» ብሎ ኪኒኑን መተው ነው። የተሻለን እኮ እየወሰድነው ስለሆነ ነው። ለድብርት የሚሰጡ መድኃኒቶች ሥራቸው የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ስሜቱ ከተስተካከለ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠል ይመከራል። ለሌሎቹ ሕመሞች ጊዜው ሊረዝም ይችላል። አፍ ቢደርቅ፣ እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ሰውነት ቢገተር ወይም ድብታ ቢበዛ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ መጠኑ ሊቀነስ፣ መድኃኒቱም ሊቀየር ይችላል። ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ድረስ ለሚመላለስ ሰው መንገዱ ራሱ ሌላ ሕመም ነውና፣ ክትትሉ በቅርብ ጤና ጣቢያ መቀጠል ይችል እንደሆነ፣ ካልሆነም ለሁለት ወይም ለሦስት ወር የሚበቃ መድኃኒት ማግኘት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

እኛ ሰሜን ሸዋዎች በጸበል እናምናለን። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ያልሄደ ሕመምተኛ በዘመዶቼ መካከል የለም፤ እኔም ሄጃለሁ። ጸበሉና ኪኒኑ አይጣሉም። ጸበል ሲጠጡ የሚያስመልስዎት ከሆነ መድኃኒቱ አብሮ እንዳይወጣ የሚወስዱበትን ሰዓት ከዚያ ያርቁት። ሊቲየም የሚባለውን የስሜት መዋዠቅ ማረጋጊያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይቀምስ መዋል ሊጎዳው ስለሚችል ጾም ከመያዙ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። «ለብርዱ» ተብሎ የሚቀዳው መለኪያ አረቄና ጫቱ ግን ይቅሩ፤ እንቅልፍን ያበላሻሉ፣ ከመድኃኒቱም ጋር አይስማሙም።

ስሜቱን ሳይጠብቁ እጅን ማስቀደም

እናቴ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር አንድ ሰፌድ ምስር ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። የጅሩ ምስር ነው፤ መሬቱ ጥቁር ስለሆነ ጓሉ ከምስሩ ጋር ይመሳሰላል። መልቀም ጀመርኩ። ጓሉን በጣቴ ስጨምቀው ይፈርሳል፣ ጠጠሩ እንዳለ ይቀራል። ሩቡን ሳልጨርስ ደከመኝና ተውኩት። በማግሥቱ ሰፌዱ እዚያው ቦታ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን ጨረስኩት፤ ማታ ወጡ ሲቀርብ አባቴ «ጠጠር የለበትም» አለ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ ደስ ሲለኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

በኋላ ሐኪሜ እንዳስረዳኝ፣ ሰው ሲጨልምበት ደስ ሲለኝ እሠራለሁ ብሎ ይቀመጣል፤ ደስታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ትንሽ፣ መጨረሻው የሚታይ ሥራ ይምረጡ፦ ጥጥ መፍተል፣ ጎመን መኮትኮት፣ በግ ውሃ ማጠጣት። ዛሬ ሩቡን ብቻ ከሠሩ ሩቡ ይቆጠራል። ወደ መሥሪያ ቤት የሚመለስ ሰውም ቢቻል በግማሽ ቀን ቢጀምር መልካም ነው።

በሕመሙ ጊዜ የሆነውን መጋፈጥ

ከሁሉ የከበደኝ ይኼ ነበር። የጎረቤታችንን እናት በራቸው ላይ ቆሜ «መርዝ አበሉኝ» ብዬ ሰድቤአቸዋለሁ። እሳቸው ከልጅነቴ ጀምሮ እንጀራ ያጎረሱኝ ሴት ናቸው። ሲሻለኝ በእሳቸው በር ላለማለፍ በጓሮ መዞር ጀመርኩ።

ያደረጉትን ከየሰዉ አይልቀሙ። የሚያምኑትን አንድ ሰው መርጠው፣ የጠፋብዎትን እሱ ቀስ ብሎ ይንገርዎት። ከዚያ እንቅልፍዎ ሲስተካከል ከሚቀርብዎት ሰው ጀምረው አንድ በአንድ ይቅርታ ይጠይቁ። ንግግሩ አጭር ይሁን። እኔ ያልኩት ይኼን ነው፦ «እማማ፣ ያን ጊዜ ታምሜ ነበር። ነገሩ ከሕመሜ ቢሆንም ያስቀየምኩዎት እኔ ነኝና ይቅር ይበሉኝ።» ሲኒ እያጠቡ ነበር፤ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አደረቁና «እንኳን እግዜር ማረሽ ልጄ፤ ግቢ፣ ቡናው ሊፈላ ነው» አሉኝ። ሁሉም እንደ እሳቸው አይሆንም። ፊቱን ያዞረብኝ ሰው አለ፤ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ገንዘብ የጠፋበት ወይም የከረረ ጠብ ከሆነ ሽማግሌ ይግባበት።

በዕድር ወይም በገበያ ለሚጠይቅዎት «ታምሜ ነበር፣ አሁን እየተሻለኝ ነው» ማለት ይበቃል፤ ዝርዝሩን ለማንም የመንገር ዕዳ የለብዎትም።

ለቤተሰብ

ሕመምተኛው ሲገባ ድንገት ዝም አትበሉ፤ ከመጀመሪያውም አታንሾካሹኩ። ያለፈውን በቁጣ ጊዜ አታንሱበት። ማሰር፣ መምታት፣ ቤት መቆለፍ ፈውስ አይሆንም፤ እኔ ያየሁት ሰው ከመታሰሩ ቁስል ለመዳን ከሕመሙ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶበታል።

«ብሞት ይሻላል» የሚል ቃል ከሰማችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብቻውን አትተዉት፣ የእህል ፀረ ተባይ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካለ አውጡት፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ይህን ሐሳብ በራሱ የሚያውቅ አንባቢም ካለ፣ እባክዎን ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገሩ።

የመመለሻውን ምልክት መጻፍ

ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደሚቀድመው እያንዳንዱ ሰው የራሱ አለው። የኔን ከእህቴ ጋር ቁጭ ብለን ጻፍነው፦ ሁለት ሌሊት በተከታታይ እንቅልፍ ማጣት፣ ስልክ አለማንሣት፣ ከቤት የተሠራ ምግብ መጠርጠር። ወረቀቱ በእናቴ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ከታዩ እህቴ አትከራከረኝም፣ ፈቃዴንም አትጠይቅም፤ ፈቃዴን ጤነኛ ሆኜ ከታች ፈርሜ ሰጥቻታለሁና፣ ነጠላዬን ታለብሰኝና ሐኪሜ ዘንድ ይዛኝ ትሄዳለች።