ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት ዝውውሩን እዩ

አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ጀምራችሁ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ለምታስቡ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ኮርስ ከመምረጣችሁ በፊት የት ገብታችሁ ምን እንደምታጠኑ ወስኑ። ሁለት ሦስት አማራጭ መያዝ ይቻላል። ኮሌጅ የወሰዳችሁት ኮርስ ሁሉ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ አይቆጠርም። ለውጭ ተማሪ ይሄ ያማል፤ ክፍያችን ከነዋሪው በብዙ እጥፍ ይበልጣላ።

ካሊፎርኒያ ላላችሁ መፍትሔው ቅርብ ነው። አሲስት ዶት ኦርግ የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አለ። የኮሌጃችሁንና የዩኒቨርሲቲውን ስም ስትመርጡ፣ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ቀጥሎ ታግ (TAG) ስለሚባለው የዝውውር ቅበላ ዋስትና የኮሌጅ አማካሪያችሁን ጠይቁ። መስፈርቱን ካሟላችሁ፣ ዴቪስንና ሳንታ ባርባራን ጨምሮ 6 የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ካምፓሶች ቦታ እንደምታገኙ አስቀድመው ያረጋግጣሉ። በታግ ማመልከት የሚቻለው ግን ለአንዱ ብቻ ነው። በርክሌይና ዩሲኤልኤ የሉበትም። አንዳንድ የትምህርት ዘርፎችም አይካተቱም፤ እሱን በደንብ አጣሩ። የታግ ማመልከቻው ሴፕቴምበር 30 ይዘጋል።

የቪዛውን ነገርም አደራ። በኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ) የመጣ የኮሌጅ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ከዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ኮርስ የሚቆጠርለት አንድ ብቻ ነው። ኮርስ ከበዳችሁና ድሮፕ ማድረግ ካማራችሁ፣ መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄዳችሁ አስፈቅዱ። ሳያስፈቅዱ ከ12 በታች መውረድ ቪዛውን አደጋ ላይ ይጥላል።