መገናኛ ከመውረዳችሁ በፊት፦ ሥራ በስልክ ስትፈልጉ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጠዋት በሬን ስከፍት ዲግሪያቸውን በፌስታል የያዙ ልጆች ይመጣሉ። «እትዬ፣ አምስት አምስት ኮፒ ያድርጉልኝ፤ መገናኛ ልወርድ ነው።» እኔ ከኮፒው እንጀራዬን እበላለሁ፤ ቢሆንም ልንገራችሁ፣ ብዙው ነገር እዚሁ ቁጭ ብሎ በስልክ ያልቃል።

መጀመሪያ ኢሜይላችሁን አስተካክሉ። ኢሜይል የሌለው ልጅ የለም፤ የይለፍ ቃሉን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የከፈተለት ጓደኛው ነው፤ ማረጋገጫው የሚሄደው በጓደኛው ቁጥር ነው፤ ጓደኛው ደግሞ ሲም ቀይሯል። ለፈተና ቢጠሩትስ በምን ያያል? ዛሬውኑ በራሳችሁ ቁጥር አዲስ ክፈቱ። አድራሻው የእናንተና የአባታችሁ ስም ይሁን። «ስዊት ቦይ» ምናምን ለፍቅረኛ ይቆይ።

ቀጥሎ ማስረጃችሁን ስካን አድርጉ። ለዚህ እንኳን እኔ ጋ መምጣት የለባችሁም። ጉግል ድራይቭን ክፈቱና የመደመር ወይም የካሜራ ምልክቷን ንኩ፤ ስካን የሚል ይመጣላችኋል። መስኮት አጠገብ ሁኑ፣ የእጃችሁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አይረፍ። ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱንና የሥራ ልምዱን በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉና በሙሉ ስማችሁ ሰይሙት። ቀጣሪው ዘንድ «ስካን 1» የሚል ፋይል መዓት ነው። የእንግሊዝኛ ስማችሁንም እዩት። ዲግሪው ላይ በአንድ ፊደል፣ ፋይዳው ላይ በሌላ የተጻፈ ስም ስንቴ አይቻለሁ! ሲቪያችሁ ላይ እንደ ዲግሪው ጻፉ፤ ፋይዳው ከተሳሳተ ደግሞ ሥራው ሳይመጣ አስተካክሉት።

ማስታወቂያ የት ይገኛል? ኢትዮጆብስና ሃሁጆብስ ላይ ተመዝገቡ። አፍሪወርክ በቴሌግራም ስለሚሠራ ዳታ ለሚቆጥብ ይመቻል። ሊንክድኢንም ይኑራችሁ፣ በተለይ ለኤንጂኦና ለአይቲ ሥራ። የጋዜጣ ማስታወቂያ ከፈለጋችሁ ሪፖርተርና አዲስ ዘመን አሉ። ቴሌግራም ላይ ያሉት አብዛኞቹ የሥራ ቻናሎች ከእነዚህ እየገለበጡ ነው የሚለጥፉት።

ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ይላል። ቻናሉ የለጠፈው ዛሬ ቢሆንም ጋዜጣው የወጣው ከሳምንት በፊት ሊሆን ይችላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከጋዜጣው ነው። የማብቂያው ቀን በማን አቆጣጠር እንደሆነም ልብ በሉ፣ በእኛ ነው በፈረንጅ? «በአካል በመቅረብ» የሚል ካለ ያኔ ኦርጅናሉንና ኮፒውን ይዛችሁ ውረዱ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ይሄ ይበዛል። «0 ዓመት» የሚለውን በቻናሉ መፈለጊያ ውስጥ ጻፉት፤ አዲስ ተመራቂዎችን የሚፈልጉት ተለይተው ይወጣላችኋል።

ለመመዝገቢያ፣ ለፎርም፣ ለዩኒፎርም ብሎ በቴሌብር ገንዘብ የሚያስልክ ሁሉ ሌባ ነው በሉት። ጨክኜ አይደለም፤ እኔው ሱቅ ቆማ ብር ልካ፣ ወዲያው ቻናሉ ብሎክ ያደረጋት ልጅ አለች። በአጭር መልእክት የመጣላችሁን ኮድ ንገሩኝ የሚልም ያው ነው። ድርጅቱን ለማጣራት ስልኩን ከራሱ ድረ ገጽ ውሰዱና ደውሉ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቁጥርማ የጻፈው ራሱ ሌባው ሊሆን ይችላል።

በሰው ኮምፒውተር ስትጠቀሙ ከኢሜይላችሁ ውጡ፤ የመታወቂያችሁንም ስካን አጥፉ። ማታ ማታ ኮምፒውተሬን ሳጸዳ የስንቱን ጉድ አያለሁ መሰላችሁ።

ስልክ ሁሉን ያመጣል ማለቴ አይደለም። ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቅርባችን ነው፤ ፋብሪካዎች አንዳንዴ በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ይቀጥራሉ። በዚያ በኩል ስታልፉ ዓይናችሁን ጣል አድርጉ።

ካመለከታችሁ በኋላ የማታውቁት ቁጥር ሲደውል አንሱ። ቦታውን ሲነግሯችሁ «በቴክስት ይላኩልኝ» በሉ፤ ቅር አይላቸውም። ከዚያ ጉግል ማፕ ላይ እዩት። ከእኛ ሰፈር ለጠዋት 3 ሰዓት ፈተና ቦሌ ለመድረስ 12 ሰዓት ላይ ሰልፍ መያዝ ነው።