ከኮሮና ማግሥት የልብ ባይፓስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባይፓስ ጊዜ ከደረት ወይም ከእግር የተወሰደ የደም ሥር የጠበበውን የልብ ቧንቧ አሻግሮ ይሰፋል። አብዛኛውን ጊዜ ልብ ቆሞ ደሙን የሚያዘዋውረው ማሽን ነው፤ ማሽኑም ሰውነትን ያስቆጣል፣ ሳምባን ያደክማል። ኮሮናም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በዚያ ላይ ደም ያረጋል። ሁለቱ ከተደራረቡ ታካሚው ከመተንፈሻ መሣሪያ ቶሎ አይላቀቅም፣ አዲስ የተሰፋው ሥርም ሊደፈን ይችላል።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብሎ ቀጠሮ ማፋጠን። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 በ116 አገሮች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከ140 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠንተው ነበር። ኮሮና ካልያዛቸው መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 1.5 በመቶ ናቸው። በተያዙ በ2 ሳምንት ውስጥ ለተሠራላቸው ቁጥሩ ወደ 4 በመቶ ወጣ፤ ከ7 ሳምንት በኋላ ተመልሶ 1.5 ሆነ። ሳሉ ወይም ትንፋሽ ማጠሩ ከ7 ሳምንት በኋላም ላልለቀቃቸው ግን 6 በመቶ ነበር። ጥናቱ ሁሉንም ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያካተተና ክትባት ከመዳረሱ በፊት የተሠራ ነው። ዛሬ ለተከተበና ቀለል ብሎ ላለፈለት ሰው ሐኪሞች የ7 ሳምንቱን መጠበቂያ ጊዜ ሊያሳጥሩት ይችላሉ፤ ያንን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው።

ቀኑን አሳስቶ መቁጠር። የምርመራ ወረቀት ላይ 10/02 ተብሎ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 10 ነው፤ በእኛ የካቲት መጀመሪያ ላይ ይውላል። ጥቅምት 10 ብሎ ያነበበ ቤተሰብ ከሦስት ወር በላይ በከንቱ ጨምሮ ይቆጥራል። የ7 ሳምንቱ ቆጠራ የሚጀምረው ምልክቱ ከታየበት ቀን ነው፤ ምልክት ካልነበረ ከመጀመሪያው ፖዘቲቭ ውጤት። ፒሲአር የሚባለው የኮሮና ምርመራ የሞተ ቫይረስ ቅሪት እያነሳ እስከ ሦስት ወር ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል፣ በየሳምንቱ እያስመረመሩ ከዜሮ መጀመር ገንዘብ ማባከን ነው። ወረቀቱን ራሱን ይዘው ይሂዱ፣ በቃል አይንገሩ።

የኦክስጅን መለኪያን ቁጥር ከኢንተርኔት ጋር ማወዳደር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ሱሉልታና የእንጦጦ ዙሪያ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላሉ። ከፍታው ቁጥሩን ዝቅ ስለሚያደርገው እዚህ ለጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 በመቶ የተለመደ ነው። ስለዚህ የራስዎን ልክ ይወቁ፦ ለ5 ደቂቃ ቁጭ ብለው ካረፉ በኋላ፣ እጅዎን አሙቀው፣ እንሶስላ ወይም ቀለም በሌለበት ጣት ለጥቂት ጠዋቶች ይለኩና ይመዝግቡ። በደልዳላ መንገድ ቀስ ብለው ተራምደው ከልክዎ 4 ነጥብ ከወረደ ለሐኪሙ ይንገሩ። በኮንዶሚኒየም ደረጃ እየወጡ ራስን መፈተን ግን ክልክል ነው፤ የጠበበ ቧንቧ ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ሌላ መዘዝ አለው።

የተረፈ ዴክሳሜታሶን (የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ ስቴሮይድ መድኃኒት) ማስቀጠል። ለኮሮና የታዘዘውን ወይም ከመድኃኒት ቤት በራስ የተገዛውን ሳይናገሩ መቀጠል ስኳርን ያንራል፣ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል። ለሳምንታት ከወሰዱት ደግሞ በድንገት ማቋረጡም ያሰጋልና ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይወቀው። የደም ማቅጠኛም እንዲሁ፦ ክሎፒዶግሬል በተለምዶ ከ5 ቀን በፊት ይቆማል፣ አስፒሪን ግን ብዙውን ጊዜ ይቀጥላል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያቋርጥ ብዙ ነው።

7 ሳምንት አልሞላም ብሎ ሕመም መቻል። በዕረፍት ላይ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ወይም ላብ ያለው ትንፋሽ ማጠር ቆጠራውን ይሽረዋል። ያን ጊዜ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ከለገጣፎ ወይም ከቱሉ ዲምቱ መኪና እስኪገኝ ጊዜ ስለሚፈጅ የጎረቤት ስልክ አስቀድሞ ይያዝ።

ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቤቱን በጠያቂ መሙላት። ጠያቂ ይቅር ማለት ይከብዳል። ግን ሁለት ሁለት ሆነው፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጉንፋን የያዘው ቀርቶ፣ ከሰልና እጣን ሳይጨስ ይሁን።

ጄሪካን ማንሳት። የደረት አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ከ5 ኪሎ በላይ አይነሳም። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ታካሚውን ብብቱን ይዞ ማንሳትም ያው ነው፤ በጎን አዙሮ ጀርባውን ደግፎ ማስነሳት ይሻላል። ሲያስል ትራስ ደረቱ ላይ ያቅፍ። አጥንቱ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ከቁስሉ መግል ከወጣ ወይም ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ቀጠሮው እስኪደርስ ሳይጠብቅ በዚያው ዕለት ይመለስ።