በዩ2ኤኤፍ1 ጂን ላይ «ሚውቴሽን የለም» ከማለታችሁ በፊት

ዩ2ኤኤፍ1 በክሮሞሶም 21 ረጅም ክንድ ላይ የሚገኝ ጂን ነው። የሚያስገኘው ፕሮቲን 240 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን፣ በአር ኤን ኤ ላይ ኢንትሮን (የሚወገደው ክፍል) ተቆርጦ ኤግዞኖች (የሚቀሩት ክፍሎች) ሲገጣጠሙ የኢንትሮኑን መጨረሻ፣ ማለትም ኤ-ጂ የሚሉትን ሁለት ፊደላት፣ ለይቶ ይይዛል። ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድረም (መቅኔ ጤናማ የደም ሴሎችን በበቂ የማያመርትበት የደም ካንሰር) ባለባቸው ሕሙማን ላይ ጂኑ በአብዛኛው የሚለወጠው 34ኛው ወይም 157ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ነው።

ይህን ሚውቴሽን ሲፈልጉ ከሁሉ የከፋው ስህተት ጂአርሲኤች38 የተባለውን የሰው ማጣቀሻ ጂኖም (የሕመምተኛው ዲኤንኤ የሚነጻጸርበትን መደበኛ ቅደም ተከተል) እንዳለ መጠቀም ነው። በዚህ ማጣቀሻ፣ በዚያው ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ፣ ዩ2ኤኤፍ1ኤል5 የሚባል የጂኑ የውሸት ቅጂ ገብቷል። አንድ ንባብ (ማሽኑ ያነበበው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ለሁለቱም ቦታ እኩል ስለሚገጥም፣ ንባቦቹን በማጣቀሻው ላይ የሚያሰልፈው ሶፍትዌር የአሰላለፍ ጥራቱን 0 ይለዋል፤ ሚውቴሽን ፈላጊው ደግሞ 0 ያለውን ሁሉ ይጥላል። ሕመምተኛው ሚውቴሽኑን ተሸክሞ ሳለ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሕክምናን የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ በቸልታ አይታለፍም። በአይጂቪ (የተሰለፉ ንባቦችን በሚያሳየው ፕሮግራም) የክሮሞሶም 21ን 43,104,346ኛ ቦታ ክፈቱ፦ ንባቦቹ ውስጣቸው ነጭ ሆኖ ከታየ ችግሩ እናንተም ዘንድ አለ። መፍትሔው የውሸት ቅጂው በኤን ፊደል («ያልታወቀ» ማለት ነው) የተሸፈነበትን ማጣቀሻ ወስዶ ጥሬ ንባቦቹን እንደገና ማሰለፍ ነው። የጥራት ገደቡን ዝቅ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ግማሽ ያህሉ ንባብ በውሸቱ ቦታ ይቀራል።

ሌላው፣ የጂኑን አቅጣጫ መርሳት ነው። ጂኑ የሚነበበው ከተቃራኒው ሰንሰለት ነው። በጂኑ ቅደም ተከተል 101ኛው ፊደል ከሲ ወደ ቲ ሲለወጥ (34ኛው ሴሪን ፌኒልአላኒን ይሆናል)፣ በጂኖም ፋይሉ ላይ የሚታየው ከጂ ወደ ኤ ነው። ሲ-ቲ ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ሚውቴሽኑን ጂኑን እንደሚያጠፋ አድርጎ መቁጠርም ያሳስታል። የ34ኛው ለውጥ የፕሮቲኑን ምርጫ ነው የሚቀይረው፦ ከኤ-ጂ በፊት ሲ ያለባቸው ኤግዞኖች ወደ ተገጣጠመው አር ኤን ኤ ይበልጥ ይገባሉ፤ ቲ ያለባቸው ይዘለላሉ። ስለዚህ ጂኑን አጥፍቶ የተሠራ ሙከራ የሕሙማኑን ሁኔታ አይወክልም። ጤናማው ቅጂም ለሴሉ ሕይወት የግድ ነው።

በአር ኤን ኤ መረጃ የጂኖችን ጠቅላላ መጠን ብቻ አታወዳድሩ፤ መጠኑ ሳይለወጥ ኤግዞን ሊዘለል ይችላል። ለየኤግዞኑ፣ ኤግዞኑን ያካተቱትንና የዘለሉትን ንባቦች ቁጠሩና የገባበትን መቶኛ አስሉ።