ደብረ ብርሃን ላይ የላቫጆ ፓምፕ ሲያንኳኳ

ሾፌሩ ራሱ የሚያጥብበት የከባድ መኪና ላቫጆ ነው፤ ፓምፑ 150 ባር፣ በደቂቃ 15 ሊትር። የውሃ መርጫው ሽጉጥ ሲከፈት የግፊት መለኪያው መርፌ ይንቀጠቀጣል፣ ፓምፑ ያንኳኳል፣ ውሃው እየተቆራረጠ ይወጣል። ጎሚኒዎቹ (የጎማ ማሸጊያዎቹ) እና ቫልቮቹ ተቀየሩ፤ ለውጥ አልመጣም።

ጥፋቱ መምጠጫው ላይ ነበር። ፓምፑ ከመሬት በታች ካለ የውሃ ማጠራቀሚያ በግማሽ ኢንች ጎማ ይስብ ስለነበር በቂ ውሃ አይደርሰውም፤ የሚያንኳኳውም ለዚህ ነው። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፣ የአየሩ ግፊት ውሃን ወደ ላይ መግፋት የሚችለው ቢበዛ 7 ሜትር ያህል ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 10 ሜትር ይደርሳል። ቆላ ላይ በሰላም የሚሠራ አገጣጠም እዚህ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

የተስተካከለው እንዲህ ነው፦ 2,000 ሊትር ሮቶ 2 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ማማ ላይ ወጣ፤ ውሃው በትንሽ ፓምፕ ይሞላል። ከሮቶው እስከ ፓምፑ ወጥ የ1 ኢንች ቱቦ፣ መሃል ላይ ታጥቦ የሚመለስ ፊልትሮ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ድሮ የላላ መገጣጠሚያ አየር ስለሚስብ በዓይን አይታይም፣ አሁን ግን ይንጠባጠባል። መርፌው ጸጥ አለ።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በውርጭ ሰሞን፣ ማታ ዋናውን ቫልቭ ዘግታችሁ ከፓምፑና ከጎማው ውሃውን አፍስሱ። በረዶ የፓምፑን ራስ ይሰነጥቃል።