የወረዳን ዓመታዊ የትምህርት አፈጻጸም ሪፖርት እንዴት እናዘጋጅ?

ሰኔ ሲጋመስ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የዓመቱን የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርት ማጠናቀር ይጀምራሉ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋና ዞኑም ስለሚያስቸኩል፣ ብዙ ጊዜ የአምናው ጽሑፍ ይከፈትና ቁጥሩ ብቻ ይተካል። እንዲህ በተዘጋጀ ሪፖርት ውስጥ የተሰጡ ሥልጠናዎችና የተካሄዱ የንቅናቄ መድረኮች በመቶኛ ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ ልጆቹ ምን ያህል እንደተማሩ ግን አይታወቅም። ስለዚህ የዕቅድ ባለሙያውም ሆነ የክላስተር (የአጎራባች ትምህርት ቤቶች ቡድን) ሱፐርቫይዘሩ ሥራውን ከተማሪው ቢጀምሩ ይሻላል።

የመጀመሪያው ሥራ የመስከረሙን ምዝገባ ከሰኔው ቁጥር ጋር ማስታረቅ ነው። ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ 640 ተማሪዎችን መዝግቦ ሰኔ ላይ 571 ተማሪዎችን አስፈተነ እንበል። ከጎደሉት 69 ልጆች መካከል 22ቱ መሸኛ ወስደው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወሩ ከሆነ፣ ያቋረጡት 47 ይመስላሉ። ነገር ግን በዓመቱ መሐል በዝውውር የገቡ 15 ልጆች በ571ዱ ውስጥ ተቆጥረው ከሆነ፣ በእርግጥ ያቋረጡት 62 ናቸው፤ የማቋረጥ ምጣኔውም ከ7.3 በመቶ ወደ 9.7 በመቶ ከፍ ይላል። ይህን ልዩነት የሚያሳየው የክፍል ኃላፊው መምህር የያዘው ሮስተር (የተማሪዎች ስምና ውጤት መዝገብ) እና የስም መቆጣጠሪያ ስለሆነ፣ ርዕሰ መምህሩ የሚልከውን ድምር ብቻ መቀበል አይበቃም፤ ከየክላስተሩ ቢያንስ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ሄዶ መዝገቡን መግለጥ ያስፈልጋል። መዝገቡ ሲገለጥ ልጁ የቀረበት ወርም አብሮ ይታያል። ኅዳር ላይ የቀሩት ወንዶች ለአጨዳ፣ ጥር ላይ የቀሩት ሴቶች ለጋብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ያቋረጡት ቁጥር በወርና በጾታ ተከፍሎ ቢቀርብ ለቀጣዩ ዓመት መቼ ምን መሠራት እንዳለበት ይጠቁማል።

የተሳትፎ ምጣኔን በሚመለከት ጥንቃቄ የሚያሻው አካፋዩ ቁጥር፣ ማለትም በወረዳው ያሉ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱ ልጆች ብዛት ነው። የአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 14 የሆኑ ልጆች ቁጥር የሚገኘው በትንበያ ነው፤ ሰው በፈለሰበት ወይም በተፈናቀለበት ወረዳ ትንበያው ከእውነታው ይርቃል። ንጥር ተሳትፎ (ዕድሜያቸው ለደረጃው ከሚመጥን ልጆች መካከል የተመዘገቡት ድርሻ) ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ያንን እንደ ስኬት ከመጻፍ ይልቅ የአካፋዩ ወይም የዕድሜ ምዝገባው ስህተት መሆኑን በግልጽ ማስፈርና በየቀበሌው የተሠራ የቤት ለቤት ቆጠራ ካለ እርሱን ጎን ለጎን ማቅረብ ይገባል።

ስለ ትምህርት ውጤት የሚጻፈው ክፍል ደግሞ ከሁሉም በላይ ድፍረት ይጠይቃል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ውጤት ያላመጡት ልጆች ከክፍል ክፍል እየተዛወሩ 12ኛ የደረሱት ማለፋቸው በየዓመቱ ሪፖርት እየተደረገ ነው፤ ስለዚህ የመዛወር ምጣኔ ብቻውን መማርን አያሳይም። በእኔ እምነት እያንዳንዱ ወረዳ ያለ ተጨማሪ በጀት ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ፦ ሱፐርቫይዘሩ በየትምህርት ቤቱ ከ3ኛ ክፍል ሮስተር ላይ በእኩል ርቀት አሥር ስም ይመርጥና፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ የሆነ አጭር ምንባብ ያስነብባቸዋል፤ ያነበቡትን እንዲነግሩትም ይጠይቃል። አንብቦ የተረዳ፣ ያነበበ ግን ያልተረዳ፣ ማንበብ ያልቻለ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ቁጥር ከብዙ ገጽ ማብራሪያ የበለጠ ይናገራል። ምርጫው ለመምህሩ ከተተወ ጎበዞቹ ብቻ ስለሚቀርቡ፣ ስሞቹን ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ይምረጥ።

የግብዓት መረጃ በአጭሩ ቢቀርብ ይበቃል፤ አማካዩ ብቻ ግን አይቅረብ። የወረዳው የተማሪ ክፍል ጥምርታ 1 ለ50 ቢሆንም፣ ከተማው ውስጥ 80 ልጆች የታጨቁበት ክፍልና ገጠር ውስጥ 25 ልጆች ያሉበት ክፍል ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይጠቀሱ። በኢንስፔክሽን (በትምህርት ቤቶች የጥራት ምዘና) ከደረጃ በታች በሆኑት ደረጃ 1 እና 2 ላይ ያሉ ትምህርት ቤቶችም በስማቸው ይዘርዘሩ።

ያጋጠሙ ችግሮች በሚለው ርዕስ ሥር «የበጀት እጥረት» እና «የግንዛቤ ማነስ» የሚሉት ሐረጎች በየዓመቱ ይደጋገማሉ፤ ማንም ግን በእነርሱ ላይ ተመርኩዞ ውሳኔ ሊሰጥ አይችልም። በምትኩ የትኛው ትምህርት ቤት በየትኛው የትምህርት ዓይነት ለስንት ወር መምህር እንዳልነበረው ጽፎ፣ መፍትሔው በትምህርት ቤቱ፣ በወረዳው ወይም በክልሉ እጅ መሆኑን መለየት ይጠቅማል። በአማራ ክልል እንደታየው በግጭት ምክንያት የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ወረዳ፣ የእነርሱ ተማሪዎች ከድምሩ ወጥተው ምጣኔው እንዳያምር ለብቻቸው ሰንጠረዥ ይዘጋጅላቸው፤ ያለ ትምህርት ያሳለፉት ወርም ይቆጠር።

ሪፖርቱ ለዞን ከተላከ በኋላ እያንዳንዱን ትምህርት ቤት የሚመለከተው ገጽ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይድረስ። ነሐሴ ላይ የመምህራን ድልድልና የቀጣዩ ዓመት ምዝገባ ስለሚጀመር፣ ከዚያ በፊት በወላጆች ስብሰባ ላይ በንባብ ቢቀርብ ያቋረጡት ልጆች የየትኛው ጎጥ እንደሆኑ የሚያውቁት ወላጆች ራሳቸው ሊጠሯቸው ይችላሉ።