የሞተርሳይክል ቸርኬን አሮጌ ቀለም አንሥቶ በፓውደር ኮቲንግ ወይም በቀለም እንዴት ማደስ እንደሚቻል

በመሀል አዲስ አበባ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ውስጥ የሚመላለስ ሞተርሳይክል ቀድሞ የሚያረጀው ቸርኬው ላይ ነው። ታንከሩ በየጠዋቱ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ቸርኬው ግን የፍሬን ብናኝ፣ የካቴና ዘይትና ከጎማው ሥር የሚፈናጠር ጠጠር እየተፈራረቀበት ይከርምና ቀለሙ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎም እንደ ቅርፊት ይነሣል። ብዙ ባለሞተር በዚህ ጊዜ አንድ ጣሳ ስፕሬይ ገዝቶ ቸርኬውን ከነጎማው ይረጨዋል። እንዲህ የተቀባ ቸርኬ አንድ ክረምት አይሻገርም፤ አዲሱ ቀለም የተጣበቀው ከብረቱ ጋር ሳይሆን ሊረግፍ ከተዘጋጀው አሮጌ ቀለምና ከቅባቱ ጋር ነውና። በአግባቡ የሚሠራ ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው ቀለም ከመንካቱ በፊት ነው፤ ይህ ጽሑፍም አብዛኛውን ቦታ የሚሰጠው ለዚያው ክፍል ነው።

ከመጀመሪያው የሚወሰኑ ሁለት ነገሮች

አንደኛው ቸርኬው ከምን እንደተሠራ መለየት ነው። ትንሽ ማግኔት ያስጠጉ፤ ከያዘው ብረት፣ ካልያዘው አልሙኒየም ነው። አንድ ወጥ ሆኖ ከአልሙኒየም የተቀረጸ ቸርኬ እንዳለ ሊሠራ ይችላል። በራጂ፣ ማለትም ክቡን ከመሀሉ ጋር በሚያያይዙ ቀጫጭን ዘንጎች፣ የተወጠረ ቸርኬ ግን ራጂው ሁሉ ወጥቶ፣ ክቡና መሀለኛው አካል ለየብቻ ካልተሠሩ በስተቀር ለፓውደር አይሆንም፤ ዱቄቱ የራጂዎቹን ጫፍ ዳዶዎች አንድ ላይ አጣብቆ ኋላ ለማስተካከል የማይቻል ያደርጋቸዋልና። ክቡ ኒኬልና ክሮም የተለበጠ ከሆነ ደግሞ፣ በለስላሳ ክሮም ላይ ቀለምም ሆነ ፓውደር በቀላሉ እንደማይይዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ፓውደር ወይስ ቀለም የሚለው ነው። ፓውደር ኮቲንግ ማለት በኤሌክትሪክ የተሞላ ደረቅ የቀለም ዱቄት ከመሬት ጋር በተያያዘ ብረት ላይ ከተረጨ በኋላ በምድጃ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት፣ ቀልጦ እንዲጠነክር የሚደረግበት አሠራር ነው። አንዱ ንብርብር ከ60 እስከ 80 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ስለሚወፍር ጠጠርን በደንብ ይቋቋማል። ቀለም በበኩሉ በግቢ ውስጥ ሊሠራ ይችላል፣ ወጪው ያነሰ ነው፣ የተላጠ ቦታም ቢኖር ያንኑ ብቻ መጠገን ይቻላል። በእኔ ግምት ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያመላልስ ለሚውል ሞተር ፓውደር ይሻላል፤ ሆኖም የምድጃውን ሙቀት በትክክል የሚቆጣጠር ሠራተኛ ካልተገኘ በማጠንከሪያ የሚበጠበጠው ባለሁለት ክፍል ቀለም የተሻለ ምርጫ ነው። ይህን ውሳኔ ወደ ኋላ ማቆየት አይገባም። የተጫረና የተበላ ቦታን ለመሙላት የምንለምደው ተራ ስቱኮ የምድጃውን ሙቀት አይችልም፤ ስለዚህ ስቱኮ ከገባ በኋላ ወደ ፓውደር መሄድ ማለት ሥራውን እንደገና መጀመር ነው።

መፍታት

ማንኛውንም ነገር ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ከሁለቱም በኩል ፎቶ ያንሡ፤ የጎማውን የመሽከርከሪያ ቀስት፣ የፍሬን ዲስኩን አቅጣጫና የሮንዴላዎቹን ቅደም ተከተል ኋላ የሚያስታውስዎ እርሱ ነው። ጎማውን ለማውለቅ ጎሚስታ ዘንድ መውሰድ ከማንም አያሳንስም፤ አልሙኒየም ቸርኬ በብረት ሌቫ ሲታገሉት ጠርዙ ይጎዳል። የዲስኩ ብሎኖች ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ የታሠሩ ስለሆኑ ጥቂት ሙቀት ካላገኙ ጭንቅላታቸው ይላጫል እንጂ አይፈቱም።

ኩሽኔታዎቹ፣ ማለትም ቸርኬው የሚሽከረከርባቸው ባለኳስ ቀለበቶች፣ እና የግሪስ ጎማዎቹ ግድ መውጣት አለባቸው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ስለሚሰፋ፣ በመሀለኛው አካል ላይ የፈላ ውኃ በዝግታ ማፍሰስ ኩሽኔታውን ያላላዋል። በከተማችን ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። ከውስጥ በኩል በረጅም ብረት የኩሽኔታውን ዙሪያ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እየነኩ በእኩል ይግፉት። በዚህ መንገድ የወጣ ኩሽኔታ ተመልሶ አይገባም፣ ምክንያቱም ምቱ ኳሶቹን ጎድቷቸዋል፤ በጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 6301 ወይም 6302፣ አንብበው ወይም ራሱን ይዘው የመኪናና የሞተር መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ወርደው አዲስ ይግዙ። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ያለችውን አጭር ቱቦም በአንድ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡ፤ የእርሷ ነገር ወደ መጨረሻው ይመለሳል።

እዚህ ላይ ቸርኬውን አጥበው በጥሩ ብርሃን ይመርምሩት። ክንዶቹ ከክቡ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ሥራው እዚያው ይቁም፤ የተሰነጠቀ ቸርኬ ቢቀባ ስንጥቁ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይድንም።

አሮጌውን ቀለም ማንሣት

ለአልሙኒየም ተስማሚው መንገድ ሁለት ነው፦ ጄል መሳይ የቀለም ማንሻ ወይም በአየር ግፊት የሚረጭ አሸዋ መሰል ነገር። ማንሻውን በአሮጌ ብሩሽ ወፈር አድርገው ከቀቡ በኋላ እንዳይደርቅ በላስቲክ ይጠቅልሉትና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይግለጡት፤ ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ይጠብቅዎታል። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይግፈፉት፣ ጥጋጥጉን በናይለን ብሩሽ ያውጡት፣ የቀረው ካለ ይድገሙት። ፋብሪካ የቀባው ቀለም ሁለትና ሦስት ዙር ሊጠይቅ ይችላል። ጠንካራ ከሆኑት ማንሻዎች አንዳንዶቹ ሜቲሊን ክሎራይድ ያለባቸው ሲሆኑ፣ ትነቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ስለዚህ ይህ ሥራ በር ተዘግቶ በክፍል ውስጥ ወይም በኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ የሚሠራ አይደለም። የተፋቀው ዝቃጭም በጋዜጣ ይጠቀለላል እንጂ ወደ ቦይ አይደፋም።

ለአልሙኒየም ፈጽሞ የማይሆነው ኮስቲክ ሶዳ ነው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ፣ የብረት በር ቀለም በዚህ ነገር ልጥ ብሎ ሲነሣ አይቼ ስለነበር፣ የኋላ ቸርኬን ኮስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ትልቅ ሳፋ ውስጥ ዘፈቅሁት። ብዙም ሳይቆይ ውኃው እንደተከፈተ አምቦ ውኃ ይንተከተክ ጀመር፤ ሳፋው እጅ የማያስነካ ሆነ፤ የሚወጣው ጋዝም ሃይድሮጅን መሆኑን፣ ይኸውም እሳት ቢያገኝ የሚፈነዳ መሆኑን፣ ያወቅሁት ኋላ ነው። ስናወጣው ቀለሙ በእርግጥ ተነሥቷል፤ ነገር ግን ቸርኬው ጥቁር ለብሶ፣ ላዩ እንደ ስፖንጅ ተበሳስቶ፣ የኩሽኔታው መቀመጫም ሰፍቶ ነበር። በመዶሻ መግባት የነበረበት አዲስ ኩሽኔታ በጣት ሲገፋ ዘው አለ። ቸርኬው በኪሎ ተመዝኖ ለቆራሌው ሄደ።

በአየር ግፊት ማስነሣት ፈጣን ነው፣ ነገር ግን ምን እንደሚረጩ መጠየቅ ያስፈልጋል። የወንዝ አሸዋ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል፣ ለስላሳውን አልሙኒየምም ይቆፍራል፤ ደቃቅ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ወይም የመስታወት ቅንጣት ይመረጣል። የኩሽኔታው መቀመጫና የብሎን ጥርሶቹ ከመረጨታቸው በፊት ይደፈኑ። ቀለሙን በእሳት ማቃጠል ግን ፈጽሞ የማይሞከር ዘዴ ነው።

ላዩን ማዘጋጀት

ብረቱ ከተገለጠ በኋላ ነጭ ብናኝ የያዘው የተበላ ቦታ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት እስኪጠራ ይፋቃል፤ በ120 ቁጥር ይጀምሩ፣ በ240 ይቀጥሉ፣ ለቀለም ከሆነ በ400 ይጨርሱ። ለፓውደር ያን ያህል ማለስለስ አያስፈልግም፤ ጥቂት ሻካራነት ይጠቅመዋል። ዓይን ያለፈውን ጭረት ለማግኘት ቀጭን የሴት ካልሲ እጅ ላይ አጥልቆ ላዩን ማስኬድ ነው፤ ሸካራ ቦታ ሲደርስ ክሩ ይያዛል።

ከዚያ በሳሙናና በብዙ ውኃ ይታጠብና ንጹሕ ውኃ ይፈስበታል። ውኃው እንደ አንድ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ ከወረደ ቸርኬው ንጹሕ ነው፤ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ከተሰበሰበ ግን ቅባት አለና እንደገና መታጠብ አለበት። ይህን ፈተና ሳያልፍ ወደሚቀጥለው መሄድ ከንቱ ድካም ነው። ሲደርቅም በባዶ እጅ አይነካ፤ የጣት ላብ ራሱ በቂ ቅባት ነው።

ቀጥሎ መሸፈን ነው፣ ብዙ ባለሙያ ነኝ ባይም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የኩሽኔታው መቀመጫ፣ ዲስኩ የሚያርፍበት ፊት፣ የብሎን ጥርሶች፣ የቫልቮላው ቀዳዳና በታምቡሮ ፍሬን ላይ የፍሬን ሸራው የሚነካው ውስጠኛ ክብ ቀለም ሊነካቸው አይገባም። ከዲስኩ ሥር የገባ ቀለም ሲሞቅና ሲጨመቅ ይሳሳል፣ ያን ጊዜ የጠበቁት ብሎኖች ይላላሉ። ለፓውደር የሚሆነው ሙቀት የሚችል ቴፕና የሲሊኮን ውታፍ ብቻ ነው፤ ተራው የወረቀት ቴፕ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ ሙጫውን ብረቱ ላይ ይተዋል።

ቀለም ከተመረጠ

ለብረት የለመድነው ቀይ አንቲረስት በአልሙኒየም ላይ አይቆይም። ለአልሙኒየም የተሠራ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መሠረት፣ ይግዙ፣ ብረቱ በተፋቀበት ቀንም ይቀቡት፤ ካደረ አልሙኒየሙ በኦክሳይድ ይሸፈናል። ቸርኬውን በመሀሉ እንጨት አሳልፈው በሁለት በርጩማ መካከል ቢያጋድሙት እያሽከረከሩ ለመርጨት ይመቻል። መጀመሪያ የክንዶቹን ጎንና ውስጣቸውን፣ በመጨረሻ ፊቱን ይርጩ፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀው፣ በስሱ፣ በየመካከሉ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ያህል ጠብቀው፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። አንድ ጊዜ አጥግቦ መርጨት የሚያተርፈው የወረደ እንባ ነው።

የከተማችን አየር የራሱ ጠባይ አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታና በበጋ ደረቅ ፀሐይ ቲነሩ በፍጥነት ስለሚተን ቀለሙ ብረቱ ላይ ሳይደርስ ደርቆ እንደ አሸዋ ሊሻክር ይችላል፤ ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቲነር ይጠይቁ፣ በጥላም ይሥሩ። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ የቀለሙን ፊት ወተት የመሰለ ያደርገዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብረቱ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስለሚያድር በማለዳ መርጨት ጤዛ ላይ መርጨት ይሆናል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ የከሰዓቱ ነፋስ አቧራውን ሳያነሣ መጨረስ ይበጃል። በማጠንከሪያ የሚበጠበጥ ቀለም አይሶሳያኔት የሚባል መርዛም ነገር ስላለበት የኮቪድ ጊዜው ጭንብል አይከላከለውም፤ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ባለካርትሪጅ መከላከያ ያስፈልጋል። ጎማ ከመግባቱ በፊት ቀለሙ አንድ ሳምንት ቢያርፍ ጎሚስታው አይልጠውም።

ፓውደር ከተመረጠ

ፓውደር የሚሠሩ ወርክሾፖች የለመዱት በአብዛኛው የበርና የመስኮት ፍሬም ስለሆነ ስለ ቸርኬው አስቀድመው ማስረዳት ያለብዎ እርስዎ ነዎት። ፖሊስተር ፓውደር ይጠይቁ፤ ኢፖክሲው ፀሐይ ላይ ዱቄት ያወጣል። የተቀረጸ አልሙኒየም በውስጡ አየርና ዘይት ይዞ ስለሚኖር፣ ፓውደሩ ሳይረጭ ባዶውን ምድጃ ገብቶ ካልሞቀ፣ ኋላ ላዩ በጥቃቅን ቀዳዳ ይሞላል። የብረቱ ሙቀት ከ200 ዲግሪ እንዳያልፍና እንዳይቆይበት አጥብቀው ይናገሩ፤ ከዚህ በላይ የቆየ አልሙኒየም በፋብሪካ ያገኘውን ጥንካሬ ያጣል። መብራት ከጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ይጠይቁ። በግማሽ የበሰለ ፓውደር ከላይ ሲታይ ከበሰለው አይለይም፤ በቲነር የራሰ ነጭ ጨርቅ በማይታይ ቦታ ላይ ሲያሹት ግን ቀለሙ ጨርቁን ይከተላል። እንዲህ ከሆነ ተመልሶ ምድጃ ይግባ።

መልሶ መግጠም

አዲሱን ኩሽኔታ በውጭው ቀለበት ብቻ እየገፉ ያስገቡት፤ አሮጌው ኩሽኔታ ለዚህ ጥሩ መግፊያ ነው። ሁለተኛው ከመግባቱ በፊት ያቺ አጭር ቱቦ በመካከል መቀመጧን ያረጋግጡ፤ ከተረሳች ፔርኖው (በቸርኬው መሀል የሚያልፈው ዘንግ) ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹ ወደ ውስጥ ተጨምቀው በጥቂት ቀን ይበላሉ። በራጂ የሚሠራ ከሆነ የክቡ መወላገድ ከ2 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ለሚያቃና ሰው ይስጡት። የዲስኩ ብሎኖች አዲስ ማጣበቂያ ተቀብተው በተሻጋሪ ቅደም ተከተል ይጠብቃሉ፣ ዲስኩም በንጹሕ ቲነር ይጠረጋል። በመጀመሪያው ቀን በቀስታ ነድተው ሲመለሱ ፍሬኑንና የቸርኬውን ሙቀት በእጅዎ ይፈትሹ፤ 100 ኪሎሜትር ገደማ ከነዱ በኋላም የዲስኩን ብሎኖችና የፔርኖውን ዳዶ በቺያቤ እንደገና ይሞክሩ።